ከሞፈር ወደ ምሽግ፦ የ1969ኙ ገበሬ ዘማችና ድሬዳዋ

ወጣቱ፦ አባባ፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድሬዳዋን ከጠበቁት መካከል ሚሊሺያ የሚባሉ ገበሬዎች ነበሩ ይባላል። ሚሊሺያ ከወታደር የሚለየው በምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ ሚሊሺያ በ1969 ዓ.ም. ከእርሻው ተጠርቶ፣ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደ ግንባር የተላከ ገበሬ ነው። መደበኛው ወታደር በደመወዝ ተቀጥሮ ለዓመታት በጦር ሰፈር የኖረ፣ መሣሪያውን ፈትቶ መግጠም የለመደ ባለሙያ ነው። ሚሊሺያው ግን እስከ ጥሪው ሰሞን ድረስ በሬ ጠምዶ ሲያርስ የነበረ ሰው ነው። ልብሱ የወታደር፣ እጁ የአራሽ ነው። «ዘማች» የሚለው ስም ሁለቱንም ያጠቃልላል፤ መደበኛው ከጦር ሰፈር፣ ሚሊሺያው ግን ከጎጆው ነው የወጣው።

ወጣቱ፦ መንግሥት መደበኛ ጦር እያለው ገበሬውን ለምን ፈለገ?

አዛውንቱ፦ ጦሩ ስላነሰው ነው። አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ የኢትዮጵያ ምድር ጦር ከ50 ሺህ ሰው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ከዚያም ውስጥ ትልቁ ክፍል በኤርትራ ጦርነት ተይዟል። ሐረርጌን በዋናነት የሚጠብቀው መቀመጫው ሐረር የነበረው አንበሳው 3ኛ ክፍለ ጦር ነበር። የሶማሊያ ጦር በበኩሉ በሶቪየት ኅብረት መሣሪያ የደረጀ፣ በታንክ ብዛት ከኢትዮጵያ የሚልቅ ነበር። ለኢትዮጵያ መሣሪያ ታቀርብ የነበረችው አሜሪካ በ1969 አገሪቱን ይመራ ከነበረው ወታደራዊ መንግሥት፣ ከደርግ፣ ጋር ተቃቃረች፤ ደርግም ፊቱን ወደ ሞስኮ አዞረ። አዲስ መሣሪያ ተጓጉዞ፣ ጦሩም ለምዶት እስኪሠራበት ጊዜ ይወስዳል። ሰው ግን በአገር ውስጥ ነበር። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ያሰሙት የእናት አገር ጥሪ ይህን ሰው ለማሰባሰብ ነው።

ገበሬ ማዝመት ለደርግ የመጀመሪያው አልነበረም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1968፣ በቅጡ ያልሠለጠኑ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ወደ ኤርትራ እንዲዘምቱ ተሰብስበው ነበር። ገና ድንበሩ ላይ ሳሉ በሽምቅ ተዋጊዎች ተመትተው ተበተኑ። በ1969 ገበሬው ሠልጥኖ፣ በብርጌድ ተደራጅቶ እንዲዘምት የተደረገው ያ ውድቀት ከታየ በኋላ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ገበሬው የሄደው ወድዶ ነው ወይስ ተገዶ?

አዛውንቱ፦ ይህን ለመመለስ አስቀድሞ መሬቱን ማየት ያሻል፣ ልጄ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የግል ባለርስትነትን አስቀረ። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ የሚያርሰው መሬት እንዲኖረው ፈቀደ። በደቡብና በምሥራቅ አውራጃዎች ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለመሬት ይገብር የነበረው ጭሰኛ ያመረተውን ወደ ራሱ ጎተራ አስገባ። አዋጁን ከወረቀት ወደ ማሳ ያወረደው የገበሬ ማኅበር ነው፤ አንዱ ማኅበር ወደ 800 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያቅፍ ታስቦ ተቋቋመ። መሬት የሚደለድለው፣ አባል የሚመዘግበው፣ በደለኛ የሚዳኘው እሱ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጥሪው ሲመጣ ዘማች የሚመለምለውም ያው ማኅበር ነው። በመዝገቡ ላይ ማን ስንት ቤተሰብ እንዳለው፣ ማን ጎልማሳ፣ ማን ወንደላጤ እንደሆነ ሰፍሯል። አንዳንዱ ገበሬ «የተሰጠኝን መሬት መልሰው ሊወስዱት ነው» ብሎ በእልህ ተመዘገበ። አንዳንዱ ወራሪ ገባ ሲባል አባቶቹ እንዳደረጉት ስንቁን ቋጠረ። ሌላው ደግሞ ማኅበሩ ከወረዳ የተጣለበትን ኮታ ለመሙላት ስሙ ስለተጠራ ሄደ፤ እምቢ ቢል መሬቱም ኑሮውም በማኅበሩ እጅ ነው። ስለዚህ ውዴታና ግዴታ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ነበሩ። ለሁሉም አንድ የሆነው የገቡበት በር ነው፤ መሬት የሰጣቸው መዝገብ ለጦርም አሳልፎ ሰጣቸው።

ወጣቱ፦ ሥልጠናው የት ነበር? ምንስ ተማሩ?

አዛውንቱ፦ ዋናው ማሠልጠኛ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በቡራዩ በኩል ያለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ነው። ስሙ የዐፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም፣ አባ ታጠቅን፣ ያስታውሳል። ሥልጠናው ሦስት ወር ያህል ፈጀ። በሰኔ 1969 ሠልጣኞቹ በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ በሰልፍ ታዩ። መንግሥት 300 ሺህ ሕዝባዊ ሠራዊት ማዘጋጀቱን አስታወቀ።

ወራቱን በገበሬ ዓይን መቁጠር ያስፈልጋል። ጥሪው የመጣው በበልጉ፣ መሬት በሚገመስበት ጊዜ ነው። ሥልጠናው የተካሄደው ማሳ በሚታረስበትና በሚዘራበት ወቅት ነው። ሰኔ ግም ሲል በሬው በረት ውስጥ ቀረ፤ አራሹ ታጠቅ ሜዳ ላይ ነበር።

ገበሬው ይዞት የመጣ ሙያም ነበረው። ቀኑን ሙሉ ሸክም ይዞ መጓዝ ይችላል፤ ዶማና አካፋ ለእጁ አዲስ አይደለም፤ ጉድባና ሸለቆ ዓይቶ የት መደበቅ እንደሚቻል ያውቃል። ያልነበረው የዘመናዊ ጦርነት ዕውቀት ነው። ካርታ ማንበብ፣ በሬዲዮ መነጋገር፣ በመድፍ ተኩስ ሥር ተራ ሳይፈርስ መንቀሳቀስ፣ ታንክ ሲመጣ ቀረብ እስኪል መጠበቅ በሦስት ወር የሚለመድ አይደለም። የቋንቋም ችግር ነበር። ትእዛዙ የሚሰጠው በአማርኛ ሲሆን ከሠልጣኙ ብዙው ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ነው።

ወጣቱ፦ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለምን ፈለጋት?

አዛውንቱ፦ ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲ ባቡር በ1895 እዚህ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ የምሥራቁ የንግድና የፋብሪካ ማዕከል ሆነች። የባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የነዳጅ ማከማቻ እዚህ ነበሩ። ከሁሉ በላይ የአየር ኃይሉ ጣቢያ አለ። በኦጋዴን የሚዋጋውን ጦር የሚያግዙት ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖች ከዚህ ይነሱ ነበር። በመሬትም ቢሆን ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ አለ። ድሬዳዋን የያዘ ሐረርን ከጀርባዋ ያንቃታል፤ የባቡሩን መስመርም ይቆርጣል። መስመሩ ላይ ያሉ ድልድዮችማ ከወረራው ዋዜማ ጀምሮ በሽምቅ ተዋጊዎች እየተመቱ ስለነበር ባቡሩ ቆሞ ነበር።

ወረራው የጀመረው በሐምሌ 1969 ነው። ጎዴን ጨምሮ የኦጋዴን ቆላማ ከተሞች በሳምንታት ውስጥ ተያዙ። አዲስ የደረሱ የሚሊሺያ ብርጌዶች የመጀመሪያውን ምት የቀመሱት እዚያ፣ ከወገን በራቀ ሜዳ ላይ ነው።

ወጣቱ፦ ድሬዳዋ ላይ የሆነውስ?

አዛውንቱ፦ ነሐሴ 11 ቀን 1969 ንጋት ላይ የሶማሊያ ጦር በታንክ፣ በመድፍና በሮኬት ታግዞ በሐረዋና በጀልዴሳ በኩል ወደ ከተማዋ ተንቀሳቀሰ። ከተማዋን የያዙት የሚሊሺያ ብርጌዶች፣ ነበልባል የተባለው ጦርና ጥቂት የመደበኛ ጦር ክፍሎች ናቸው፤ መድፋቸውም ታንካቸውም ጥቂት ነበር። በሽንሌ በኩል ያለው መከላከያ ተሰበረ፤ አጥቂው ወደ ከተማዋ ጠርዝ ተጠጋ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካውም የተኩስ ዒላማ ሆነ።

ሚዛኑን የገለበጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አየር ኃይሉ ነው። ጣቢያው ቅርብ ስለነበር አውሮፕላኖቹ ተኩሰው ተመልሰው፣ ጥይትና ነዳጅ ሞልተው እንደገና ይነሱ ነበር። መሸሸጊያ በሌለው ሜዳ ላይ የተሰለፉት ታንኮች ለአየር ድብደባ ተጋለጡ። ሁለተኛው የእግረኛው አለመፍረስ ነው። አውሮፕላን ታንክ ያቃጥላል፤ መሬት ግን አይዝም። ታንኩን ተከትሎ የሚመጣውን እግረኛ ከከተማው በር ላይ ማቆም ምሽግ ውስጥ ላለው ሰው የተተወ ሥራ ነው። የሶማሊያ ጦር በመጨረሻ 16 ታንኮችና ብዙ መሣሪያ ጥሎ አፈገፈገ። በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት ትልቅ ከተማ ለመያዝ ያደረገው ሙከራ ሲከሽፍበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወጣቱ፦ ገበሬው ዘማች በዚህ ዓይነቱ ውጊያ የሚሞተው እንዴት ነው? ለምንስ ከመደበኛው ወታደር ይበልጥ ይጎዳ ነበር?

አዛውንቱ፦ ምክንያቱ ብዙ ነው። መጀመሪያ የቦታው ነው። መድፍና ታንክ ያላነሰው ጦር ሰውን ከኋላ ያስቀምጣል፤ መሣሪያ ያነሰው ግን ሰውን ከፊት ያሰልፋል። ሚሊሺያው በፊተኛው ምሽግ ስለሚቀመጥ የመድፉ ድብደባ አስቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ የገደላቸውን ሰው ፊት አላዩም።

ሁለተኛው የማፈግፈግ ሥርዓት ነው። በሥርዓት ወደ ኋላ መሳብ ከማጥቃት ይልቅ ይከብዳል። አንዱ ክፍል ሲተኩስ ሌላው ይሄዳል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ይህን ያልለመደ ጦር ሲሰበር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ሜዳ ላይ ጀርባውን የሰጠ ሰው ደግሞ ለመትረየስ የተመቸ ነው። ብዙ ሰው የሚረግፈው በዚህ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው አገሩ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት፤ ወደ ሽንሌና ወደ ኦጋዴን ሲወረድ ሙቀቱ ይብሳል፣ ውኃውም ይርቃል። ከደጋ የመጣ ገበሬ ጋቢ ለብሶ ያደረ ሰው ነው። ጥሙ፣ ወባውና ተቅማጡ ከጥይት ሳይተናነሱ አዳከሙት። አራተኛው ሕክምና ነው፤ ደም የሚፈሰው ቁስለኛ ቶሎ ካልታሰረለትና ካልተነሣ በማይገድል ቁስልም ይሞታል።

ወጣቱ፦ በወዲያኛው ወገን የነበረውስ ሰው፣ አባባ?

አዛውንቱ፦ በወዲያኛውም ወገን የተሰለፈው ከመሬቱና ከከብቱ የመጣ ሰው ነው። የሶማሊያ መደበኛ ጦር ውስጥ የአርብቶ አደር ልጆች ነበሩ። ከጦሩ ጎን የተሰለፈው የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ተዋጊም በአብዛኛው የኦጋዴን ሰው ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለች ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ በሚኖርባት ከተማ ጦርነቱ የጋብቻና የጉርብትና ገመድ መካከል ገባ። ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ለሚነግድ ሰው «ጠላት» የሚለው ቃል የቅርብ ዘመድ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ወጣቱ፦ ከድሬዳዋው ውጊያ በኋላ ዘማቹ ወደ ቤቱ ተመለሰ?

አዛውንቱ፦ አልተመለሰም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ተያዘች፤ ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚያወጣው የካራማራ ተራራ መተላለፊያም ተለቀቀ። ከዚያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሐረርን የማዳን ጊዜ ነው። በባቢሌና በሐረር ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ሚሊሺያው ከመደበኛው ጦር ጋር ተቀላቅሎ ተዋጋ፤ ከሞት የተረፈው ሚሊሺያ በዚህ ጊዜ ወታደር ሆኗል። ከኅዳር ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ገባ፤ ከ15 ሺህ የማያንሱ የኩባ ወታደሮችም ደረሱ። በጥር መጨረሻ ሐረዋና ጀልዴሳ ተመለሱ፤ ድሬዳዋም ከስጋት ወጣች። ከዚያ በኋላ ጦሩ በተራራው ላይ ፊት ለፊት ከመጋጠም ይልቅ በስተ ሰሜን ዞሮ፣ ከፊሉም በሄሊኮፕተር ተጭኖ ከካራማራ ጀርባ ወረደ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ነፃ ወጣች። በየዓመቱ የካራማራ ድል የሚታሰበው በዚህ ቀን ነው።

ድሉ ግን ገበሬውን ወደ ሞፈሩ አልመለሰውም። በዚያው ዓመት ክረምት አብዛኛው ጦር ወደ ኤርትራ ተዛወረ፤ ሚሊሺያውም አብሮ ሄደ። ለአንድ ዘመቻ የተጠራው ሰው ማብቂያው ያልተወሰነ አገልግሎት ውስጥ ገባ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት በሕግ እንዲዘምት ተደነገገ። በ1969 በጥሪ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ቋሚ ግዴታ ሆነ።

ወጣቱ፦ የሞተው ሰው ቤተሰቡ እንዴት ይሰማ ነበር?

አዛውንቱ፦ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ጭራሹን ሳይሰማ። ግንባር ላይ የወደቀ ሰው የሚቀበረው እዚያው ነው፤ አስከሬን ወደ መንደር የሚመልስ መኪና አልነበረም። ወሬው የሚመጣው ከአንድ አገር የዘመተ ጓደኛው ቆስሎ ወይም ፈቃድ አግኝቶ ሲመለስ ነው። ጓደኛው ለሚስቲቱ አይነግርም፤ ለሽማግሌ ይነግራል። ሽማግሌዎች ጎረቤት አስተባብረው በማለዳ፣ ሰው ወደ እርሻ ሳይወጣ፣ በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። አስከሬን በሌለበት የሚለቀሰው ልብሱን አውጥተው ነው፤ ፎቶ ካለው ፎቶው ይያዛል። ክርስቲያኑ ፍትሐትና ተዝካር ያወጣል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ሰደቃ ያወጣል።

የከበደው ግን መርዶ ያልመጣለት ቤት ነው። ሞቷል ያልተባለ ሰው አይለቀስለትም፤ ሚስቱም እንደ መበለት አትታይም። «ይመጣል» እያሉ ዓመታት ያሳለፉ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ወጣቱ፦ መሬቱና ልጆቹስ?

አዛውንቱ፦ የዘማቹን ማሳ ማኅበሩ በደቦ እንዲያርስለት ተደንግጎ ነበር። በአንዳንድ ቦታ ተፈጸመ፤ በሌላው ግን የሰው እርሻ የሚታረሰው የራስ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዝናቡ አልፏል። ሚስት በሬ ጠምዳ ማረስ በልማድ ስለማይፈቀድላት የሚያርስላትን ሰው ትለምናለች ወይም መሬቱን ለእኩል ትሰጣለች። እንዲህ ሲሆን ባልዋ ከእኩል አራሽነት የወጣበት መሬት መልሶ በእኩል ይታረሳል፤ ልዩነቱ አሁን ባለመሬቷ ድሃዋ መሆኗ ነው።

ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ልጆች መንግሥት በአላጌ የሕፃናት አምባን አቋቋመ። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ልጆች እዚያ በአንድነት አድገው ተምረዋል። አብዛኛው የገበሬ ልጅ ግን በእናቱና በአጎቱ እጅ በመንደሩ ቀረ፤ ከአባቱ ቀድሞ የደረሰው ርስት እርፉ ነው።

ወጣቱ፦ በጠቅላላው ስንት ሰው ሞተ? መታሰቢያቸውስ?

አዛውንቱ፦ የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ የጦር መዛግብትን መርምረው ባቀረቡት ቁጥር በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ወገን 6,133 ሰው ሞቷል፣ 10,563 ቆስሏል። ከሶማሊያ ወገን የሞተው 6,453 ነው። ከኩባውያኑም 160 ያህል ወድቀዋል። በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት የቆመው ለዚህ ጦርነት መታሰቢያ ነው፤ የተመረቀው በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ገበሬው በቅርጹ ላይ ከሠራተኛውና ከወታደሩ ጋር በጥቅሉ ይታያል።

የእያንዳንዱ ሰው መታሰቢያ ግን በወጣበት ቀበሌ ነው ያለው። ዛሬ አንድ ቤተሰብ የዘመደን ፍጻሜ ለማወቅ ቢነሣ የሚጀምረው ከሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የዘመተበት ወርና ዓመት ነው፤ በሚያዝያ 1969 ጥሪ የሄደና በ1975 አዋጅ የሄደ የግድ አንድ ግንባር ላይ አይፈለጉም። ሁለተኛው የብርጌዱ ቁጥር ነው፤ በደብዳቤ ወይም በፎቶ ጀርባ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ብርጌዱ ከታወቀ የት እንደዋለ ለማወቅ ይቀላል። ሦስተኛው አብሮት የተመለመለ ሰው ነው። ከአንድ ማኅበር የሄዱት አብረው ተመድበው ከነበረ ከተረፈው ጓደኛ የሌላው ቦታ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ሰዎች አርጅተዋል፣ ልጄ። መጠየቅ ያለባቸው አሁን ነው።